ጄምስ ዋት፦ ዩኒቨርሲቲ ያስጠጋው መሣሪያ ሠሪ

በዓመት መጽሐፋችን የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ማንበብ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ተራው የእኔ መሆኑን ሲሰሙ ጓደኞቼ በሙሉ የጠበቁት ስለ አንድ ታላቅ ሐኪም እንደምጽፍ ነው። እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

እኔ ሕክምና ትምህርት ቤት የገባሁ ጊዜ ቤታችን በግ ታርዶ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። ወንድሜ ግን የ10ኛ ክፍል ውጤቱ መሰናዶ ስላላስገባው ቴክኒክና ሙያ ሲመዘገብ ቡና እንኳ አልተፈላለትም። ነገሩ በዝምታ ታለፈ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዝምተኞቹ አንዷ ነበርኩ። ዛሬ እሱ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የኢንስትሩሜንቴሽን ቴክኒሺያን ነው። ግፊትን፣ ሙቀትን፣ የፈሳሽ ፍሰትንና የጋን ከፍታን የሚለኩትን መሣሪያዎች ይጠብቃል፤ ያርማል፤ ከቁጥጥር ክፍሉ ጋር ያገናኛል።

ያለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ድሮ በሠራሁበት አንድ ቦታ የገጠመኝን አጫወትኩት። ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሕፃን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ነበረች። መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ትክክለኛ ነው፤ እኔም ካርዷ ላይ ጽፌ አልፌያለሁ። ከኋላዬ የመጣችው ነርስ ግን የእጇን ጀርባ እግሯ ላይ ብታደርግ ሕፃኗ ቀዝቅዛለች። ሕፃኗ ተርፋለች፤ ያተረፋት ግን የነርሷ እጅ ነው፤ መለኪያው አይደለም። ወንድሜ ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ያ መለኪያ ከታመነ መለኪያ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተመሳከረው መቼ ነበር? መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ጥያቄውን አንድም ቀን አለመጠየቄ ገባኝ። በዚያ ሰሞን ነው የጄምስ ዋትን ታሪክ ከመጀመሪያው ያነበብኩት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ብዙዎቻችን ስለ ዋት በትምህርት ቤት የተማርነው የእንፋሎት ሞተርን የፈለሰፈ ሰው ነው ተብሎ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። የእንፋሎት ሞተር እሱ ከመወለዱ በፊት ነበረ፤ ቶማስ ኒውኮመን የተባለ እንግሊዛዊ ከ1712 ጀምሮ የማዕድን ጉድጓድ ውኃ ያስወጣበት ነበር። ዋት በሙያው መሣሪያ ሠሪ፣ የመለኪያ ሰው ነበር። የዛሬዎቹን የኢንስትሩሜንቴሽን ባለሙያዎች ዘር ወደ ኋላ ብንቆጥር ከዋናዎቹ አያቶች አንዱ እሱ ነው።

ዋት የተወለደው በጥር 1736 በስኮትላንድ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አያቱ የሒሳብና የባሕር ጉዞ ስሌት አስተማሪ ነበሩ። አባቱ መርከብ ሠሪና ነጋዴ ሲሆኑ የመርከብ መሣሪያም ይጠግኑ ነበር። ልጁ በሽታ የማይለየው፣ ራስ ምታት የሚያሠቃየው ስለነበር መጀመሪያ ፊደል ያስቆጠሩት እናቱ እቤት ነው። አባቱ በወርክሾፓቸው አንድ ጥግ ላይ የራሱን ጠረጴዛና ትንንሽ መሣሪያዎች ሰጡት። እዚያ የመርከብ ዕቃ ሞዴል እየሠራ እጁ ተፈታ።

ወደ 18 ዓመቱ ገደማ እናቱ ሞቱ፤ የአባቱም ንግድ ተዳከመ። ልጁ ሙያ መያዝ ነበረበትና በ1754 የሒሳብ መሣሪያ ሠሪነት ሊማር ግላስጎው ሄደ። ከተማዋ ውስጥ ግን ሙያውን በቅጡ የሚያስተምር ሰው አልተገኘም። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ፍልስፍና፣ ዛሬ ፊዚክስ የምንለውን የሚያስተምሩ ዶክተር ሮበርት ዲክ የሚባሉ ሰው የልጁን እጅ አይተው ለንደን ሂድ አሉት። በ1755 በፈረስ ሁለት ሳምንት ያህል ተጉዞ ለንደን ገባ።

ለንደን ደግሞ ሌላ ግድግዳ ጠበቀው። በዚያ ዘመን ሙያ የሚማረው በማኅበር ሕግ ነበር፤ ሙሉ የተለማማጅነት ዘመኑ ሰባት ዓመት ነው። ዋት ሰባት ዓመት የሚቀመጥበት ገንዘብም ዕድሜም አልነበረውም። በር ለበር ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ጆን ሞርጋን የተባለ መሣሪያ ሠሪ፣ ዓመቱን ሙሉ ጉልበቱን በነፃ ሰጥቶ ተጨማሪ 20 ጊኒ ከከፈለ ለአንድ ዓመት ሊያስተምረው ተስማማ። በዚያ አንድ ዓመት የናስ ማስመሪያ፣ የመርከብ ኮምፓስ፣ የፀሐይና የኮከብ ከፍታ መለኪያና የመሬት ቅየሳ መሣሪያ መሥራት ተማረ። ሌላው በዓመታት የሚይዘውን እሱ በወራት ያዘው። በትርፍ ሰዓቱም ለምግቡ የሚሆን ሥራ እየሠራ አመሸ። ወቅቱ ጦርነት ስለነበር ወጣቶች ከመንገድ እየታፈሱ ወደ ባሕር ኃይል ይወሰዱ ነበር፤ እሱ ደግሞ በማኅበሩ ያልተመዘገበ ስለሆነ ቢያዝ አቤት የሚልበት የለውም። ስለዚህ ደጅ መውጣት ፈርቶ ከረመ። በ1756 ጤናው ተቃውሶ፣ ያካበታቸውን መሣሪያዎች ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረና በጃማይካ የከበረ ማክፋርሌን የሚባል ነጋዴ ሲሞት የሥነ ፈለክ መሣሪያዎቹን ለዩኒቨርሲቲው አውርሶ ነበር። ዕቃው በመርከብ ሲደርስ የባሕሩ ጨው ዝጎት አስይዞታል። ዶክተር ዲክ ዋትን አስጠሩት፤ አጸዳ፣ ጠገነ፣ አስተካከለ፤ 5 ፓውንድ ተከፈለው። ከዚያ በከተማዋ ሱቅ ልክፈት ሲል የብረት ሠራተኞች ማኅበር የከተማው ልጅ አይደለህም፣ ልምምድህንም በወጉ አልጨረስክም ብሎ እንደከለከለው ሲነገር ኖሯል። የማያጠያይቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ በ1757 ዩኒቨርሲቲው በግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጠውና የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ መሣሪያ ሠሪ እንዲባል ፈቀደለት።

ይህን ቦታ ሳነብ ቆም አልኩ። ዲግሪ የሌለው፣ የልምምድ ወረቀቱ ያልተሟላ የ21 ዓመት ልጅ ነው እኮ። መምህራኑ ግን የሚያስተምሩበት መሣሪያ የሚሠራላቸው ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ያውቁ ነበር። ክፍሉም ቀስ በቀስ የመምህራንና የተማሪዎች መሰብሰቢያ ሆነ። ከሚመጡት አንዱ ዶክተር ጆሴፍ ብላክ ነበሩ፤ ሐኪምና የኬሚስትሪ መምህር። ሌላው ጆን ሮቢሰን ነው፤ ያኔ ገና ወጣት ነበር፣ ኋላ ፕሮፌሰር የሆነ። ዋት ገበያው ሲቀዘቅዝ ዋሽንትና ጊታር ሳይቀር እየሠራ ሸጧል።

በ1763 ክረምት ላይ ፕሮፌሰር ጆን አንደርሰን ለትምህርት የሚያገለግል የኒውኮመን ሞተር ትንሽ ሞዴል አመጡለት። ሞዴሉ ለንደን ሄዶ አንድ ስመ ጥር መሣሪያ ሠሪ ዘንድ ቆይቶ ነበር። ዋት ጠገነው፤ ግን ጥቂት ጊዜ ወጣ ገባ ብሎ ቀጥ ይላል። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ማፍያው አንሷል ብሎ ይመልሰው ነበር። ዋት ግን የሠለጠነው ለመለካት ነውና መለካት ጀመረ። ስንት ውኃ ስንት እንፋሎት ይወጣዋል? አንድ ምት ስንት እንፋሎት ይበላል? ሲሊንደሩ መጠጣት ካለበት ብዙ እጥፍ እንፋሎት እንደሚጠጣ አገኘ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በኒውኮመን ሞተር እንፋሎቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ከገባ በኋላ እዚያው ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበትና ወደ ውኃ ይመለሳል፤ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ የአየር ግፊት ፒስተኑን ይጫነዋል። ታዲያ በእያንዳንዱ ምት ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፤ በሚቀጥለው እንደገና መሞቅ አለበት። አብዛኛው ነዳጅ የሚያልቀው ብረት በማሞቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባውም። ትንሽ እንፋሎት ያን ያህል ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ እንዴት ያፈላል? በሙከራው እንፋሎት ከራሱ ክብደት ስድስት እጥፍ የሚሆን ውኃ ሲያፈላ አየ። ዶክተር ብላክን ሲጠይቃቸው የራሳቸውን ግኝት አስረዱት፤ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ቴርሞሜትር የማያሳየው ብዙ ሙቀት ይሸከማል፣ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ያን ሁሉ ያራግፋል። እኛ ሐኪሞች ይህን ከሕሙማን እናውቀዋለን፤ እንፋሎት ያቃጠለው ቆዳ የፈላ ውኃ ካቃጠለው ይብሳል። መሣሪያ ሠሪውና ሐኪሙ አንድ ግቢ ባይገናኙ ኖሮ ይህ ውይይት የት ይደረግ ነበር?

በ1765 አንድ እሑድ በግላስጎው ሜዳ ላይ ሲንሸራሸር መፍትሔው መጣለት። እንፋሎቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ለምን ይቀዘቅዛል? ወደ ሌላ ዕቃ ይሂድና እዚያ ይቀዝቅዝ፤ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ትኩስ፣ ሌላው ዕቃ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ይሁን። የተለየ ኮንደንሰር የሚባለው ይህ ነው።

ሐሳቡ በአንድ ቀን መጣ፤ ሥራው ግን 11 ዓመት ፈጀ። ዋት ቤተሰብ መሥርቶ ስለነበር ለእንጀራው ሲል ለዓመታት የቦይ መስመር ቀያሽ ሆኖ ሠራ። መጀመሪያ ገንዘብ ያወጣለት ጆን ሮባክ፣ እሱም በሕክምና የተመረቀ ኢንዱስትሪያሊስት፣ በ1773 ከሰረ። በዚያው ዓመት ዋት ከቤቱ ርቆ ቅየሳ ላይ ሳለ ባለቤቱ ማርጋሬት በወሊድ ምክንያት ሞተች። ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ በርሚንግሃም የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ማቲው ቦልተን የሚባል ፋብሪካ ያለው ሰው ሸሪክ ሆነው። ያኔም የሲሊንደሩ ውስጥ በትክክል ክብ ሆኖ የሚቦረቡር ሰው አልነበረም፤ እንፋሎት ያመልጣል። ችግሩን የፈታው ጆን ዊልኪንሰን ነው፤ መድፍ ለመቦርቦር ባወጣው ማሽን መነሻነት። በ1776 የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ሥራ ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ወንድሜ ነው ያስረዳኝ፤ ለሙያው ቅርብ ነዋ። ቦልተንና ዋት ሞተሩን ሲያስተክሉ የሚያስከፍሉት ከድሮው ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከተቆጠበው የነዳጅ ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ነበር። የተቆጠበውን ማን ያምናል? ዋት የሞተሩን ምት የሚቆጥር መሣሪያ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አስገጠመ። ክፍያው በመለኪያ ላይ ቆመ። ፈረስን የለመደው ገበያ እንዲገባውም የአንድን ፈረስ ጉልበት በቁጥር ወሰነ፤ በደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደትን አንድ ጫማ ወደ ላይ ማንሳት። ዛሬም መኪና ስንገዛ የፈረስ ጉልበት እያልን የምንጠይቀው ያን ነው።

በ1788 ደግሞ ፍጥነት የሚጠብቅ መሣሪያ፣ ገቨርነር የሚሉትን ገጠመ። ሐሳቡን ቀድሞ ወፍጮዎች ላይ ይጠቀሙበት ነበርና የእኔ ፈጠራ ነው አላለም። በሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ኳሶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲከፈቱ የእንፋሎቱን ቫልቭ ያጠባሉ፤ ሞተሩ ይዘገያል። ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዳሉ፤ ቫልቩ ይሰፋል። መለካት፣ ከሚፈለገው ጋር ማነጻጸር፣ ማረም፤ እንደገና መለካት። ወንድሜ የሚሠራበት ፋብሪካ የቁጥጥር ክፍል ዛሬም ሥራው ይኸው ነው። የእኛም ሰውነት የደም ግፊትንና ስኳርን የሚጠብቀው በዚሁ መንገድ አይደል? ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ስለ ገቨርነር ሒሳባዊ ጥናት ሲያሳትም የቁጥጥር ምህንድስና የሚባለው ትምህርት መሠረት ከተጣለባቸው ሥራዎች አንዱ ሆነ።

ሦስተኛው የግፊት ጠቋሚው ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት በትንሽ ፒስተንና በስፕሪንግ ያሳይ ነበር። ረዳቱ ጆን ሳውዘርን በ1796 እርሳስና ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ጨመረበትና ሞተሩ የራሱን ግፊት በሥዕል መሳል ጀመረ። እኔ እንደገባኝ የሞተር ኢሲጂ ነው። ድርጅቱ ይህን ለዓመታት በምስጢር ይዞታል።

ዋትን ግን ጻድቅ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። የባለቤትነት መብቱ በፓርላማ እስከ 1800 ስለተራዘመለት ሌሎች እንዳይሠሩ በፍርድ ቤት ይከስ ነበር፤ ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎትም አደገኛ ነው ብሎ ሲቃወም ኖሯል። የአባቱ ንግድ ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ያ የማክፋርሌን ሀብትም ባሮች ከሚሠሩባት ጃማይካ የመጣ ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ2018 ከባርነት ገንዘብ ምን ያህል እንደተጠቀመ አጥንቶ ለሕዝብ አሳውቋል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ታሪኩን እንዲህ ሲመረምር ማየት ለእኛም ትምህርት ይሆናል።

እንደ ሐኪም ልቤን የነካው የመጨረሻው ዘመኑ ነው። ከሁለተኛ ሚስቱ የተወለደችው ጄሲ በ1794 በ15 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ያን ጊዜ የበሽታው ጀርም አይታወቅም፤ ኮኽ ያገኘው በ1882 ነው። ዋት ሐዘኑን በሚያውቀው ሥራ ነው የተወጣው። ጋዝ ተንፍሶ ሳንባን ማከም ይቻላል ብሎ ከሚያምን ቶማስ ቤዶስ ከሚባል ሐኪም ጋር ሆኖ ጋዝ የሚያመርት፣ የሚያጠራቅምና ለበሽተኛ የሚያደርስ መሣሪያ ሠራ። ቤዶስ በ1799 ብሪስቶል የከፈተው ተቋም ውስጥ ወጣቱ ሀምፍሪ ዴቪ በኋላ ለማደንዘዣ የዋለውን ናይትረስ ኦክሳይድ አጠና። ነቀርሳው ግን አልዳነም። በ1804 ልጁ ግሪጎሪም በ27 ዓመቱ በዚያው በሽታ ሞተ። መሣሪያው በትክክል ይሠራ ነበር፤ የተሳሳተው ሕክምናው ነው። እኔ ያየሁት የዚህ ግልባጩን ነው፤ ሕክምናው ታውቆ ሳለ መሣሪያው ሲያሳስት።

ዋት በ1800 ከድርጅቱ ወጥቶ በቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ወርክሾፕ ውስጥ የቅርጻ ቅርጽ መገልበጫ ማሽን እየሠራ አረጀ። በ1806 ያ በአንድ ክፍል ያስጠጋው ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ነሐሴ 1819 በ83 ዓመቱ አረፈ። ወርክሾፑ ከነዕቃው ዛሬ ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። ስሙም የኃይል መለኪያ ሆኖ በየአምፖሉ ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። ወንድሜ አንድ ነገር አሳይቶኛል። በፋብሪካ ውስጥ ብዙው መለኪያ ንባቡን ወደ ቁጥጥር ክፍሉ የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር በሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ለምን ከዜሮ አይጀምርም ብዬ ጠየቅኩት። ዜሮ ከሆነማ ሽቦው ተበጥሶ ይሁን የሚለካው ነገር የለም ለማለት ይሁን አይለይም አለኝ። 4 ሲመጣ መለኪያው በሕይወት አለ፣ የሚለካው ግን ዝቅተኛ ነው። ምንም ካልመጣ መለኪያው ራሱ ሞቷል። እኛ በየክፍሉ የምንጠቀምባቸውን መሣሪያዎች እንዲህ እያሰበ የሚጠብቅ ሰው ስንት አለን?

በየሕክምና ተቋማችን ኮሪደር መጨረሻ ላይ አቧራ የለበሱ ማሽኖች የተከማቹበት ክፍል እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዳንዱ የጎደለው አንዲት ፊውዝ ወይም አንድ ቀን ማስተካከያ ነው። እኛ ምሩቃን በየዳግም መገናኛው ለሕንፃ፣ ለመጽሐፍ፣ ለኮምፒውተር አዋጥተናል፤ ደግ አድርገናል። ዘንድሮ ግን ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በግቢያችን አንዲት ክፍል፣ የታመኑ ማመሳከሪያ መለኪያዎች፣ በየዓመቱም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለሚመጡ ሁለት ሠልጣኞች የአንድ ዓመት ልምምድ አበል። ሠልጣኞቹ ከሕክምና ተማሪዎችና ከምህንድስና መምህራን ጋር አብረው ይዋሉ። የመሣሪያ ማመሳከር ሥራም በእያንዳንዱ ተማሪያችን ልምምድ ውስጥ ይግባ። መምህራን ሆይ፣ ክፍሏን የምትፈቅዱት እናንተ ናችሁ፤ ገንዘቡን እኛ እንችለዋለን።

ወንድሜን ለዳግም መገናኛው እንዲመጣ ለመንኩት። እኔ የእናንተ ምሩቅ አይደለሁ፣ ምን ልሠራ እመጣለሁ አለኝ። ይዤው እመጣለሁ፤ አብራችሁን ቡና እንዲጠጣ ቦታ ያዙለት። በእኛ ቤት ያልተፈላለት ቡና ሃያ ዓመት አልፎታል።